የወንበር አውቶብስ

ሾፌሩ ከአደጋው ወዲህ አውቶብስ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ መስመር የሠራ፣ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው፣ አሁን የትም ሲሄድ በእግሩ ነው። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እግሩ ይተሳሰራል፤ በብርድም ቢሆን ላብ ያጠምቀዋል።

አደጋው የደረሰው ዝናብ ሲያካፋ በነበረ ጠዋት ነው። ፍሬን እምቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና ከቁልቁለቱ ተምዘግዝጎ መጣና አውቶብሱን ከጎን መታው። ብዙ ሰው ቆሰለ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንዲት መምህርት ሞቱ። መምህርቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ “እንዴት አደርክ ልጄ?” እያሉ ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው መቀመጫ ላይ የሚቀመጡ ሴት ነበሩ። ፍርድ ቤቱ “ጥፋት የለብህም” አለው። መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ አለው። ሚስቱማ ስንቴ ነግራዋለች። እሱ ግን ይህንኑ ቃል ለራሱ ሊናገረው አቃተው።

በመጨረሻ ሚስቱ ተነሣችበት። “ስማ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ እንደ አንተ ያሉትን የምትረዳ ሲስተር አለች። ወይ በእግርህ ትሄዳለህ፣ ወይ አዝዬህ እሄዳለሁ” አለችው። ልታዝለው እንደምትሞክር ስላወቀ በእግሩ ሄደ።

ሲስተር ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ቲያትር ታሠራለች። ተመልካች የለም፤ ጭብጨባም የለም። እያንዳንዱ ሰው የፈራውን ነገር እዚያው ወለል ላይ ይሠራዋል፤ ሌሎቹ ያግዙታል። መጀመሪያ ቀን ሾፌሩ ያየው ጋሽ ፖስታ የሚሏቸውን ሰው ነው። ጋሽ ፖስታ ውሻ ነክሷቸው ደብዳቤ ማደል ያቃታቸው ፖስተኛ ናቸው። ውሻውን የምትሠራው ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤት መውጣት የከበዳት ልብስ ሰፊ ነበረች። ድምፅዋ የማይሰማው ሴትዮ አንዴ ስትጮህ ከግቢው ውጭ ያለ እውነተኛ ውሻ መለሰላት። ጋሽ ፖስታ ቦርሳቸውን ጥለው ወንበር ላይ ወጡ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

“የእርስዎስ ተራ ጋሼ?” አለችው ሲስተር።

“እኔ ቲያትር አልችልም።”

“ማን ቲያትር አለዎት? ወንበር ይደርድሩልኝ ነው ያልኩት።”

ደረደረ። መጀመሪያ እንደ ነገሩ፣ ኋላ ግን እጁ እሺ አላለውም፤ መተላለፊያውን አጠበበ፣ የኋላ በሩን ክፍት አደረገ፣ አንዷን ወንበር ለብቻዋ ከፊት አኖራት። ዞር ብሎ ሲያይ አውቶብሱ ቆሟል። ወጥቶ ሄደ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። በሌላው ሳምንት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ከፊት ባለችው ወንበር ተቀመጠና ሲስተር የሰጠችውን ክብ የባልዲ ክዳን በሁለት እጁ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ በአፍንጫዋ የሞተሩን ድምፅ ማዜም ጀመረች። ጋሽ ፖስታ ትኬት ቆራጭ ሆነው “ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ!” ይላሉ፤ የተሳፈረው ግን አራት ሰው ነው።

ያኔ አንድ ነገር ሆነ። የከሰዓቱ ፀሐይ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ከወንበር ወንበር ይሄድ ነበር፤ ነፋስ መጋረጃዎቹን ነፍቶ ይለቃቸዋል። ለሾፌሩ ግድግዳው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሸሽ መሰለው። ዳቦ ቤቱ አለፈ፤ ድልድዩ አለፈ። “ድልድይ ጋ ወራጅ አለ?” ብሎ ሲጣራ የገዛ ድምፁን ከሩቅ አገር የመጣ ያህል ሰማው። ከጀርባው ያለችው ወንበር ግን ባዶ ነበረች። ማንም አትቀመጡባት አላለም፤ ግን ማንም አልተቀመጠባትም።

አንድ ማክሰኞ ሲስተር ለብቻው ጠራችው። “የመምህርቷ ልጅ መጥታ ነበር። ወሬውን ሰምታ ልሳፈር ትላለች። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ማንም አያስገድድዎትም።”

ሁለት ቀን ምግብ አልወረደለትም። “ምን ልትልህ ነው የፈራኸው?” አለችው ሚስቱ።

“የእናቷን መጨረሻ ልትጠይቀኝ ነው።”

“ከጠየቀችህ ንገራት። ካንተ ሌላ የሚያውቅ አለ እንዴ?”

ሐሙስ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ያቺን ወንበር በመሐረቡ ጠረጋት።

ልጅቷ ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትራመድ ሴት ነበረች። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ገባችና ያለ ምንም ወሬ ከጀርባው ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄዱ “ጋሼ፣ እኔ ያደግኩት አክስቴ ጋ ነው፤ በዚህ መንገድ ሄጄ አላውቅም። እናቴ ምን ምን ታይ ነበር?” አለችው።

ሾፌሩ ክዳኑን እያዞረ ነገራት። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አበባ የወረሰው አጥር እንዳለ፣ እናቷ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቀና እንደሚሉ ነገራት። ከዚያ ውጭ ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው ሲያርሙ ነው የሚውሉት። አንዳንዴ ከት ብለው ይስቁና ያነቡለታል። “አንዴ አንዱ ተማሪ ‘ዝናብ ማለት ሰማይ ሲያልበው ነው’ ብሎ ጽፎ፣ ‘ምን ልስጠው ልጄ?’ አሉኝ። ‘ይሳሳት እንጂ ደግ ነው’ ብላቸው፣ ሙሉ ሰጡት።”

ልጅቷ ሳቀች፤ የእናቷ ሳቅ ነበር።

ከዚያ አደጋው የደረሰበት መታጠፊያ መጣ። ክዳኑን ማዞር ተወ። ልብስ ሰፊዋ ማዜሟን አቆመች።

“እዚህ ጋ ነው?” አለች ልጅቷ።

“እዚህ ጋ ነው።”

“ምን እያለች ነበር?”

ለማንም ተናግሮት የማያውቀው ይህ ነበር። “‘ቀስ በል ልጄ፣ መንገዱ ያንሸራትታል’ አሉኝ። እኔም ቀስ ብዬ ነበር። ቀስ ብዬ ነበር!”

“አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ከኋላ ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልወቅስዎት አልመጣሁም ጋሼ። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ እናቴ ያን ቀን አልጨረሰችውም። እኔ ልጨርስላት። ይንዱ።”

እንባው እየወረደ ነዳ። ልብስ ሰፊዋ እንደገና አነሣችው፤ ዳገቱ ላይ ድምፅዋን አወፈረችው። አዳራሹ ተንሳፈፈ። ዛፎች መጡ፤ የአውቶብስ ጣቢያው ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ እየሮጡ የሚገቡ ልጆች ነጭ ሸሚዝ። ሾፌሩ ሁሉንም እየጠራ አሳለፋት። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቀስ አድርጎ አቆመ። ልጅቷ ተነሥታ ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ በፊት በር ወረደች። እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ በር ድረስ ሸኛት።

“ኧረ ለሞተሩ ውሃ ስጡት!” አሉ ጋሽ ፖስታ፣ ጉሮሮዋ የደረቀውን ልብስ ሰፊ እያዩ።

ሾፌሩ ዳግመኛ መሪ አልያዘም። ሲስተር ስትጠይቀው “በቃኝ፣ አሁን ፈርቼ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት” አላት። መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ሾፌሮችን በክፍል ውስጥ እንዲያስተምር መደበው። በወሩ ግን ከሚስቱ ጋር እውነተኛ አውቶብስ ተሳፈረ። እጅዋን አጥብቆ ይዞ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ያንን መንገድ ከፊት ለፊት ብቻ ነበር ያየው፤ አሁን በጎን አየው። ሰገነት ላይ ፊቱን እየተላጨ የሚዘፍን ሰውዬ፣ በር ላይ ተቀምጣ የእናቷን ጸጉር የምትጎነጉን ሴት፣ ደረጃ ላይ ያንቀላፋ ሽማግሌ።

“ቀጣዩ ላይ እንውረድ?” አለችው ሚስቱ፣ ፊቱን እያየች።

“ትንሽ እንሂድ” አላት።

እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄዱ።