ጎማ ውስጥ የቀረችው ቸርኬ

ቸርኬዋ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ልጅቷ በወረንጦ አንስታ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ስታስጠጋት፣ ከመሃሏ ወደ ጠርዟ የሚሮጡት ዘንጎች እንደ ፀጉር ቀጥነው ይታያሉ። የአንዲት አሮጌ የታክሲ ሞዴል እግር ናት። ሦስቱ ጓደኞቿ ጠፍተው እሷ ብቻ ቀርታለች።

የሰጣት ሰዎች "መነጽሩ" የሚሉት ሰው ነው። መነጽሩ የሞዴል መኪኖች ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው፤ አንዱን መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሁለተኛውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሦስተኛውን ሲፈልግ የሚውል።

"ሦስቱን ሠርተሽ ካሳየሽኝ ከሱቁ ጀርባ ባለው ወርክሾፕ ወንበር አለሽ" አላት። "ይቺን ካጠፋሽብኝ ግን እኔም አላውቅሽ፣ አንቺም አታውቂኝ። ሌላ የለኝም።"

ወንበር የሚለውን ቃል ይዛ ገባች። አባቷን ግራ ጎኑ ከከዳው ወዲህ፣ የጥርስ ላብራቶሪ ሥራዋን ትታ ቤት ነው የምትውለው። "ለጊዜው ነው" ያላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። እሱ ባለትዳር ነው፣ ሥራም ይበዛበታል። ለጊዜው የተባለው ነገር እንደ ቁም ሣጥኑ ቦታውን ይዞ ቀረ። ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት መኝታ ቤት። የግቢውን በር የምታየው ቆሻሻ ልታወጣ ስትል ብቻ ሆነ።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ግማሽ ሰውነቱ ቢደክምም ድምፁ ሙሉ ነው።

"አንቺ ልጅ!"

"አቤት አባዬ!"

"ያቺ መኪናሽ ተሠርታ ስታልቅ ማን ነው የሚነዳት? ትንኝ?"

"መንጃ ፈቃድ ካላት ምን ቸገረህ?"

"በይ ነይና ትራሴን አስተካክዪልኝ፤ አንገቴ ተጣመመ።"

ላብራቶሪ ሳለች ጥርስ በጄሶ ስትቀርጽ ኖራለች፤ ሲሊኮንና ሬዚን ግን አዲስ ናቸው። ቸርኬዋን ልጆች በሚጫወቱበት ባለቀለም ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቧ ቀበረቻት። ዙሪያዋን በካርቶን አጥራ ሲሊኮኑን ከላይ አፈሰሰች። ሲረጋ እንደ ጎማ ተለጠጠ። ቀጥሎ የሚሠራው ገልብጦ፣ ጭቃውን አንስቶ፣ የተገለጠውን የጎማ ፊት ቫዝሊን ቀብቶ ሁለተኛውን ግማሽ ማፍሰስ ነው። ግማሾቹ ሲላቀቁ ቸርኬዋ ትወጣለች፤ ትታው የሄደችው ባዶ ቦታ ፎርማ ሆኖ፣ ሲረጋ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክረው ሬዚን ይፈስበታል። ቫዝሊን ካልተቀባ ግን ጎማው ከጎማው ጋር አንድ ይሆናል።

ጭቃውን አንስታ ብሩሹን ቫዝሊን ውስጥ እንደነከረች ተጠራች። የቴሌቪዥኑ ድምፅ አንሷል። ልትመለስ ስትል ውሃ። ውሃውን ሰጥታ ስትዞር ደግሞ ግራ እግሩ ላይ ብርድ ልብስ።

"ያ እግር እኮ አይሰማህም፣ አባዬ።"

"እሱ ባይሰማውም እኔ አዝንለታለሁ።"

እየሳቀች ተመለሰች። ብሩሹ ቫዝሊን እንደያዘ ጠርሙሱ ክዳን ላይ ተጋድሟል። የጎማው ፊት ያብለጨልጫል። ቀብቼዋለሁ ብላ አፈሰሰች።

በማግስቱ ካርቶኑን ስትልጥ እንደ ሳሙና ነጭ የሆነ ድፍን ነገር እጇ ላይ ቀረ። መጋጠሚያውን በጥፍሯ ፈለገች። የለም። አራቱንም ጎን እያገላበጠች በብርሃን አየች፤ የለም። ቸርኬዋ መግቢያም መውጫም በሌለው ነገር ውስጥ ናት። ለካ ጎማው የሚያብለጨልጨው በገዛ ራሱ ነው። መነጽሩ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ራሱ ሊመጣ ነው፤ እሷ ከቤት እንደማትወጣ ያውቃል።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ እየተጠጋ የመጣባት መሰላት።

"አንቺ ልጅ! ምነው ጭጭ አልሽ?"

"ምንም አልሆንኩም።"

ከላብራቶሪ ያመጣችውን ቀጭን ምላጭ አወጣች። ቀጥ አድርጋ ብትቆርጠው ግማሾቹ ኋላ ሲገጠሙ ይንሸራተታሉ፤ ምላጩ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ዘንጎቹን ይበጥሳል። ትንፋሿን ውጣ ከጥጉ ጀመረች።

"አንቺ ልጅ!"

እጇ ደነገጠ፤ ምላጩ ወደ ላይ ዞረ። "መጣሁ!" ብላ ወደ ታች መለሰችው።

"ቻናሉን ቀይሪልኝ፤ ይሄ ሰውዬ አፉ አይዘጋም እንዴ!"

ምላጩ እንደገና ዞረ። እንዲህ እየተጠራችና እየደነገጠች የቆረጠችው መስመር የሰካራም መንገድ መሰለ። በመጨረሻ ግማሾቹን ፈልቅቃ ስትከፍት፣ ቸርኬዋ አንድም ዘንግ ሳይጎድልባት ተኝታለች። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ቸርኬዋን አውጥታ ግማሾቹን ገጠመቻቸው። የአንዱ እብጠት የሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ብትገፋውም አልተንሸራተተም።

ሬዚኑ ከሚመጣባቸው ሁለት ጠርሙሶች እኩል ቀላቅላ አፈሰሰች። የመጀመሪያዋ አረፋ በልቷት ወጣች። ከእሷ በኋላ የወጡት ሦስቱ ጸዱ።

መነጽሩ መጥቶ አራቱን ቸርኬ በተራ አነሳ። በታችኛው መነጽር አየ፤ ግንባሩ ላይ ያለውን አውርዶ ደግሞ አየ።

"ቀለሟ ባይለይ ኖሮ የእኔዋን አላውቃትም ነበር" አለ። ከዚያ ወጥ ቤቱን ቃኘ። "እንዲያው ካሰብነው፣ ወንበሩ ምን ያደርግልሻል? ዕቃውን እዚሁ ልላክልሽ። አባትሽንም ታያለሽ።"

"እኔስ ምን ስል ነበር!" አለ አባቷ ከመኝታ ቤት። "ተባረክ!"

በደንብ መሥራቷ በሩን ዘጋባት። "እሺ" ልትል አፏ ተከፈተ፤ ዕድሜዋን ሙሉ እሺ ነው የምትለው። ከዚያ የተቆረጠውን ፎርማ አንስታ ፊቱ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይሄንን ይዩት።"

"አየሁት። ጠመዝማዛ ማድረግሽ ብልህነት ነው።"

"ብልህነት አይደለም። ቫዝሊን ረስቼ ቸርኬዎ ውስጥ ቀርታ ነበር።"

መነጽሩ ሁለቱንም መነጽር አወለቀ።

"የረሳሁት ተጠርቼ ነው" አለች። የተጣመመውን ቁርጥ በጣቷ ተከተለች። "ስቆርጥም እጄ የዞረው ተጠርቼ ነው። ዛሬ ተረፍኩ። እዚህ ከሠራሁ ሌላዋን አጠፋብዎታለሁ። እዚህ ቤት ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለም።"

ከመኝታ ቤት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰውዬው ቸርኬዋን በጥጥ ጠቀለላት።

"ተናድጃለሁ" አለ። "ሰኞ ጠዋት ወርክሾፕ እጠብቅሻለሁ። እዚህ ግን አንዲት ብሎን እንኳ አልልክም።"

ከሄደ በኋላ አባቷ አልጠራትም። ዕቃ አጠበች፤ አልጠራትም። ጠረጴዛውን ወለወለች፤ አልጠራትም። ዝምታው ከጥሪው ይልቅ ወጥሮ ያዛት። ሰኞ ጥላው ስትወጣ በሩ ላይ የሚከተላት ይሄው ዝምታ እንደሚሆን ገባት። ከዚያ ብርጭቆ ሲሰበር ሰምታ ሮጠች።

የአባቷ ደህናው እጅ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሷል።

"ለምን አልጠራኸኝም?"

"ስጠራሽ ዕቃ ይበላሻል አሉ።"

ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች። ቀና ማለት አልቻለችም። "አባዬ፣ እኔ እኮ..."

"ተይው አሁን። ስልኩን አቀብዪኝ።"

"ለማን ልትደውል?"

"ለወንድምሽ። እሱን ለካ ጠርቼው አላውቅም።"

ደውላ ደህናው እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ስልኩ ጠራ። ሁለቱም አዳመጡ። ደግሞ ጠራ፤ የሚያነሳ ጠፋ። አባቷ ስልኩ እስኪነሳ አልጠበቀም፤ ድሮ የአውቶቡሱን ሞተር በድምፁ እንደሚያሸንፈው ደረቱን ነፍቶ፣ ገና በሚጮኸው ስልክ ላይ፣

"አንተ ልጅ!" አለ።