ሁለተኛው መስመር

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። የቆጠሩት የሚያስተምሩበትን ሕንፃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ስገባ ፊርማ መዝገቡ ላይ አውራ ጣቴን በቀለም አሳርፋለሁ። አንደኛው መስመር የዘበኛው፣ ሁለተኛው የኔ፣ ሦስተኛው የቀጭኔ። ቀጭኔ የምንላት አብራኝ የምታጸዳዋን ነው፤ ቁመቷ ነዋ።

ጎርፉ የመጣ ቀን ምድር ቤት እንደወረደች ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከጭቃ ውስጥ አወጧት። ገላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ድሮ የላብራቶሪ ጠርሙስ ለሁለት የሰነጠቀውን አውራ ጣቷን ሳይቀር። ሞታለች የምለው በወሬ ሰምቼ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ጭቃውን ጠርጎ ሳይጨርስ በጀት ተቀነሰ ተባለ። ውሃ መሳቢያው ሞተር ቆመ፣ የኮሪደሩ አምፖል ግማሹ ተነቀለ፣ ውሃ ጠጥተው ያበጡት መጻሕፍት እንደተከመሩ ቀሩ። ምድር ቤቱ በቀትር ጨለማ ነው፤ ወለሉ ውሃ ያመነጫል፣ እኔ በባልዲ እቀዳለሁ። ደረጃውን አድርቄው ስመለስ የባዶ እግር ዱካ አገኝበታለሁ። ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ እንጂ የሚወርድ የለም። ተማሪ ነው ብዬ ተራግሜ እወለውለዋለሁ።

የድሮው መዝገብ ስለበሰበሰ አዲስ መጥቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከኔ መስመር በታች ያልደረቀ የጣት ቀለም አያለሁ። እንደኔ ያልተማረች ተላላኪ ቀጠሩ ብዬ አለፍኩ። የሰው ጣት መመርመር ሥራዬ አይደለም።

በሦስተኛው ወር የሰው ኃይል ኃላፊው አስጠራኝ። ጢም ገና የሚለማመድ ልጅ ነው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ለዚህ ሕንፃ የተፈቀደው አንድ የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነው።»

«ድሮስ ከኔ ሌላ ማን አለ?»

«ችግሩ እሱ ነው። የሞተችው ሴትዮ ሦስት ወር ሙሉ ፈርማለች።» መዝገቡን አዞረልኝ። «ሁለተኛው መስመር፣ ይኸውና።»

«እሱማ የኔ ጣት ነው። ሁለተኛው የኔ ነው።»

«በድሮው ይሆናል። ይሄን በፊደል ተራ ነው የጻፍኩት። እሷ ሁለተኛ፣ እርስዎ ሦስተኛ።»

«የሞተች ሴት ስም ምን ሊሠራ ጻፍከው?»

«መሞቷ በደብዳቤ አልደረሰኝም።»

«ተራው መቀየሩስ ለሰው አይነገርም?»

«ስሙ ተጽፏል እኮ።»

«ለማን? ለመወልወያው?»

ይኼን ብዬ ሦስተኛውን መስመር አየሁ። አንድ ቀን አልጎደለም። እያንዳንዱ አሻራ መሃሉ ላይ ነጭ ስንጥቅ አለው።

«ይሄ የኔ ጣት አይደለም» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይጠንቀቁ እማማ። የእርስዎ ካልሆነ ሦስት ወር ከሥራ ቀርተዋል፣ ለሞተ ሰውም ፈርመዋል ማለት ነው። ዛሬውኑ አሰናብትዎታለሁ።»

«ለሥራ ብዬ አልዋሽም። ጣቱ የሷ ነው።»

«የማን?»

«የሟች።»

አልሳቀም። ንጹሕ ወረቀት ዘረጋልኝ። «እስቲ ያሳርፉ።»

አሳረፍኩ። ጣቴን ሳነሳ ወረቀቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ወጣ። ጣቴን አገላብጬ አየሁት፤ ጭረት የለበትም። አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። እሱ ግን ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይኸው የራስዎ ነው። ምን ያደርቁኛል?» አለና በቀይ እስክሪብቶ ሁለተኛውን መስመር፣ የሦስት ወር ጣቴን፣ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። አጠገቡ አንዲት ቃል ጻፈ።

«ምን አልክ እዚያ?»

«ሞታለች።»

ሥራዬን አላጣሁም። ባልዲና ሁለት መወልወያ ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ።

«ቀጭኔ» አልኩ ወደ ጨለማው፣ «በስሜ ስትፈርሚ ከከረምሽ በስሜ ሥሪ። ግራው ያንቺ ነው። ጥግ ጥጉን ደግሞ እንዳትተዪ፤ ድሮም ልማድሽ ነው።»

አንዱን መወልወያ አስደግፌላት ቀኙን ጀመርኩ። ቀና ብዬ አላየሁም። ስጨርስ ግራው ተወልውሎ ደርቋል፤ ጥግ ጥጉ ግን አልተነካም።