ጫማው የወደቀበት ውሃ

ስብሐት ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ጥብቅና ልቆምለት ብዬ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባልተሰቃየ ነበር።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርዱ ባለ አንድ ግቢ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረው። በአንዱ ይተኛል፤ ሌላውን ስቱዲዮ ብሎታል። ስቱዲዮው እንግዲህ መስኮቱ በጥቁር ብርድ ልብስ የተደፈነ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የሚቀዘቅዝ ክፍል ነው። ፍላሹን ሲያበራ ብርሃኑ በበሩ ስንጥቅ ስለሚሾልክ የግቢው ሰው "ስብሐት መብረቁን ጀመረ" እያለ ይስቃል። ቀበሌው ግን አልሳቀም፤ "ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?" ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አስቀምጦ ጠይቆታል። ከዚያ ወዲህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳይዝ ፍላሽ አብርቶ አያውቅም።

በ1975 ግንቦት ላይ ደብዳቤው የመጣው ከአንድ የላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ነበር። ለአዲሱ ዓመት ካላንደር፣ ጫማው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሳይ ፎቶ ይፈለጋል፤ ከሥሩ "ውሃ የማይበግረው" ተብሎ ይጻፍበታል። ፊልሙን ሰኞ ጠዋት ጓድ መሸሻ የሚባል የፋብሪካው ሰው መጥቶ ይወስዳል። በዚያን ዘመን ደግሞ "አልደረሰም" ሲባሉ "አሻጥር ነው" የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጓድ መሸሻ ከነሱ አንዱ ነው።

ስብሐት የመስኮት መስታወት አስቆርጦ፣ በብረት ክፈፍ ውስጥ በእስቱኮ አያይዞ ገንዳ ሠራ። ክፍሉን አጨልሞ የካሜራውን ዓይን ክፍት ይተዋል፤ በግራ እጁ ጫማውን ይለቃል፤ ውሃው "ጧ" ሲል በቀኙ ፍላሹን ይጫናል። ፎቶዋ ያቺ ብልጭታ ናት። ከቸኮለ ጫማው አየር ላይ ይቀራል፤ ከዘገየ ገንዳው ሥር ተጋድሞ ይገኛል።

የጎደለው ውሃ ነበር። ቧንቧው ከሐሙስ ጀምሮ ደርቋል። ከወንዝ አስቀድቶ ሞከረ፤ በዓይን ሲያዩት ደህና የሚመስለው ውሃ ፍላሽ ሲበራበት ጉዱ ወጣ፤ እያንዳንዷ ጉድፍ ታበራለች። ቅዳሜም እንዲሁ ሲለፋ ዋለ።

በዚያው ክፍል ጥግ ላይ ግን ሁለት ጀሪካን ጥርት ያለ ውሃ ነበር። የእሱ አልነበረም፤ የእትዬ ታየች ጠበል ነው።

እትዬ ታየች ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቱ ናቸው፤ ጥጥ ፈትለው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይሸጣሉ። ልጃቸው ጽጌረዳ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳንባዋን ታማ ጳውሎስ ሆስፒታል በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። እናቷ ቅዳሜ ዕለት እንጦጦ ወጥተው፣ ጠበሉን በአህያ አስጭነው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ እየተከተሉ አመጡት። ቤታቸው ጠባብና ሞቃት ስለሆነ እስከ ሰኞ ስብሐት ዘንድ አስቀመጡት። "ካንተ ቤት የነጻ ቦታ የት አለ፣ ድያቆን?" አሉት። በልጅነቱ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ግቢው ይህንን አያውቅም ወይም ረስቶታል፤ እሳቸው ግን እስካሁን ድያቆን ይሉታል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስብሐት ጀሪካኖቹን ሁለቴ ሦስቴ ዞራቸው። ነገ በማለዳ እንጦጦ ወጥቼ እተካዋለሁ፤ ምንጩ እንደሆነ አይነጥፍ፤ እሳቸውም አያውቁ፤ ማንስ ይጎዳል? ራሱን ሲያባብል አንደበቱ ርቱዕ ነበር። የመጀመሪያውን ጀሪካን ሲገለብጥ አማተበ። ሁለተኛውን ሲገለብጥ አላማተበም።

ጫማውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጣለው። ውሃው ጉድፍ የሚባል አልነበረበትም፤ ጫማው አረፋ ተከናንቦ ሲሰምጥ አንዷን ብልጭታ በልኩ አገኛትና በጨለማው ውስጥ ብቻውን "አገኘኋት!" ብሎ ጮኸ። መብራቱን ሲያበራ ነው ያየው። ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቀርበው ጠበል ውስጥ ጫማ ተጋድሟል፤ ከላስቲኩ የለቀቀው ጥቁር ቀለም ውሃውን አደፍርሶታል። ደስታው እዚያው ደረቀ።

ወደ ጀሪካኑ ሊመልሰው አይችልም፤ ቦይ ውስጥ ሊደፋውም አልደፈረም። በጣሳ እየቀዳ፣ ማንም ከማይረግጠው ቦታ፣ ግቢው ጥግ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር አፈሰሰው። ማታ ቧንቧው ሲመጣ ጀሪካኖቹን አጥቦ ሞላቸው፤ እስከ ነገ ብቻ፣ ባዶ እንዳይመስሉ።

ሰኞ ወደ እንጦጦ ለመውጣት ገና ኮቱን ሲደርብ እትዬ ታየች አንኳኩ። ጀሪካኖቹን ሊወስዱ ነው።

"መርፌውን ከዛሬ ጀምሮ አቁመናል" አሉት። "መርፌና ጠበል አይደባለቅም አለችኝ እንጦጦ ያገኘኋት ሴትዮ። ሰባት ቀን በጠበሉ ብቻ!"

ስብሐት አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ጓድ መሸሻ የግቢውን በር ገፍቶ ገባና "ደረሰ?" አለ። "ደርሷል" አለ ስብሐት። እትዬ ታየችም ጀሪካኖቹን እየጎተቱ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስቃይ ነው። በየማለዳው እትዬ ታየች "በስመ አብ" ብለው በጣሳ ሲቀዱላት በግድግዳው በኩል ይሰማል። ጽጌረዳ ስትጠጣ ይሰማል፤ ስትስል ይሰማል። እምነቷ ያድናት ይሆናል ብሎ ያስባል፤ ወዲያው ደግሞ መርፌው ትዝ ሲለው ከገበታው ይነሳል። ረቡዕ ዕለት እንጦጦ ወጥቶ እውነተኛውን ጠበል በጀሪካን ተሸክሞ መጣና "ይጨምሩበት" አላቸው።

"የጀመርነውን ሳንጨርስ? ተባረክ ድያቆን፤ ለሌላ በሽተኛ ስጠው" ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎነበሱ። ሮጦ ቢያመልጥ በወደደ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ስብሐት ያን ዕለት ዳገቱን የወጣው ለጽጌረዳ አልነበረም፤ ከራሱ ጫንቃ ላይ ሊያወርደው ነበር። ጠበሉ ቢለወጥም መርፌው ያው እንደቆመ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳሉ ተቀየረ። ወጥቶ ሲያይ እትዬ ታየች ደጃፋቸው ላይ ጨርቅ ያጥባሉ፤ የሳፋው ውሃ ቀልቷል።

"በሽታው እየወጣላት ነው" አሉት፤ ድምፃቸው ግን እሳቸውንም ያሳመነ አይመስልም።

ስብሐት ወደ ክፍሉ ተመለሰና እሁድ ዕለት ለሙከራ በጥቁርና ነጭ ፊልም አንስቶ ያጠበውን ፎቶ ይዞ ወጣ። ለምን እንደያዘው አላወቀም፤ ምናልባት ቃል ቢያጣ እንዲናገርለት ይሆናል።

"እትዬ ታየች፣ የምትጠጣው ጠበል አይደለም።"

"ምን አልክ?"

"የቧንቧ ውሃ ነው። ጠበሉን እኔ... እሁድ ዕለት ለሥራዬ ገንዳ ውስጥ ገለበጥኩት። ይኸው።"

እጃቸውን በቀሚሳቸው አድርቀው ፎቶውን ተቀበሉ፤ ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ውስጡ ያለው ምንድን ነው?"

"ጫማ።"

"ጫማ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ እኮ ጫማዬን ገና ከዳገቱ ሥር ነው ያወለቅኩት።"

ቢጮኹበት፣ በጥፊ ቢሉት ምንኛ በቀለለው! እሳቸው ግን ፎቶውን ብቻ ነው የሚያዩት። ስብሐት እግራቸው ሥር ወደቀ። "ይርገሙኝ፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ። መርፌዋን ግን ዛሬውኑ ትጀምር፤ እባክዎን!"

ከውስጥ፣ ከአልጋው ላይ፣ የጽጌረዳ ድምፅ መጣ። ሁሉንም ሰምታለች።

"እማዬ፣ ጫማዬን አቀብዪኝ።"

እትዬ ታየች ፎቶውን ደጃፉ ላይ አኖሩት። ከዚያ ገብተው ተንበረከኩና ጫማዋን አጠለቁላት። አቅም ስላልነበራት እስከ ዋናው መንገድ ስብሐት በጀርባው አዘላት፤ አጥንቷ ይቆጠራል። እናቷ ከኋላው ይከተላሉ። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ "በቃ፣ አውርዳት" አሉት። ከዚያ ወዲያ አላናገሩትም።

መርፌው እንደገና ተጀመረ፤ ክረምቱ ሲጋመስ ጽጌረዳ በእግሯ ግቢ ውስጥ ትዘዋወር ጀመር። ስብሐት ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያፍራል፤ ደስ ሊለው የሚገባው እሱ አይደለምና። እትዬ ታየች ቧንቧ ላይ ሲገናኙ አሻግረው ያዩታል። ድያቆን የሚለው ሰው በግቢው ውስጥ ጠፋ።

በመስከረም ካላንደሩ ወጣ። ስብሐት የደረሰውን ሳይፈታ አልጋው ሥር ወረወረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስኳር ለመውሰድ ቀበሌው ሱቅ ሲሰለፍ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘው፤ ትልቅ፣ ባለቀለም። ከሥሩ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ፣ አራት ሰው አልፎ፣ እትዬ ታየችና ጽጌረዳ ቆመዋል። ስብሐት ከሰልፉ ሊወጣ ሲል የእነሱ ተራ ደረሰ።

እትዬ ታየች ቀና አሉ። ካላንደሩን አዩት፤ ፎቶውን አወቁት። ከሰልፉ ወጡና ጫማቸውን አውልቀው በአንድ በኩል አኖሩ። በባዶ እግራቸው ቀርበው፣ በዘበኛው ራስ ላይ ተንጠራርተው፣ ጫማውን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ጥርት ያለ ውሃ ሳሙት። ሦስት ጊዜ። "እማዬ፣ ሰው ያያል" አለች ጽጌረዳ በሹክሹክታ።

እትዬ ታየች ዞሩ። በሰዉ መሐል ስብሐትን አገኙት፤ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

"አንተስ፣ አታወልቅም?"

ዘበኛው፣ ባለሱቁ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ስብሐት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።