ለእሜቴ ባንቺ ሲባል የተመረጠችው ሣጥን

ምትኩ ኮምፒውተሩን የገዛው እንደ ቅርጫ ሥጋ በየመደቡ ነው። አንዱን ዕቃ ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር በሄደ ጊዜ፣ ሌላውን መቀሌ በወረደ ጊዜ፣ የቀረውንም በመኪና ረዳቶች እጅ እያስመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቀመ። ሁሉም በጨርቅ እየተጠቀለለ አልጋ ሥር በካርቶን ተቀመጠ። ማታ ማታ እያወጣ ያየዋል፤ አቧራውን እፍ ይልና መልሶ ይጠቀልለዋል።

«ቤት ብቻ ነው የቀረው» ይላት ነበር ሚስቱን። ቤት የሚለው ዕቃው ሁሉ ገብቶ የሚታሰርበትን የብረት ሣጥን ነው።

ሚስቱ ሰርካለም የቆቦ ልጅ ናት። ባሏ በሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። የሚኖሩት በአንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ የአፈር ወለል፣ ከበሩ ፊት ለፊት አንድ መደብ። መደቡ ላይ የምትኩ እናት እሜቴ ባንቺ ይተኛሉ። እሜቴ ባንቺ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ነው ልጃቸው ከትውልድ አገራቸው ከጋዝጊብላ ያመጣቸው። ከልጃቸው ጋር በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንኛ ያወራሉ፤ ሰርካለም ስትገባ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። «ምራቴ በቤቷ እንግዳ አትሁን» ይላሉ። ቤቱን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ግድግዳውን እየዳሰሱ ከመደቡ ተነሥተው በሩ ድረስ ይሄዳሉ፤ ደጅ ፀሐይ ሞቀው በዚያው ይመለሳሉ።

ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ወር ላይ፣ ራዲዮና ቴፕ የሚሸጠው አደም ሁለት ሣጥን ከመቀሌ አስመጣ። ባልና ሚስት አብረው ሄዱ።

አንደኛው ቁመቱ እስከ ሰርካለም ጉልበት የሚደርስ፣ ወለል ላይ የሚቆም ነው። ሁለተኛዋ ግን ከዳቦ መሶብ አትበልጥም፤ ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ጠርዟ ስለት የመሰለ። ሰርካለም ገና ስታያት ወደደቻት።

«ትልቁን ውሰድ መምህር» አለ አደም። «ሁለቱም የኔ ናቸው፤ ላታልልህ አይደለም። ይቺ ጠባብ ናት። ሽቦው ውስጧ ይታፈናል፣ አየርም አታገኝ። ይሄኛው ግን እጅህን እንደ ልብህ ያስገባልሃል።»

ምትኩ ትልቁን ከፍቶ ውስጡን አየ። ሊስማማ ነበር። ሰርካለም ክንዱን ያዘችው።

«የት ልታቆመው ነው? ከመደቡ እስከ በሩ ያለው የእሜቴ መንገድ ነው። አንድ ቀን ተደናቅፈው ቢሰበሩስ? ትንሿ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ማንንም አትጋርድም።»

ምትኩ እናቱን አሰበ። አደምም ስለ እናት ሲነሣ መከራከሩን ተወ። ትንሿን ገዙ።

ቤት ሲደርሱ ሰርካለም በደስታ ሣጥኗን ከአማቷ ጭን ላይ አኖረችላቸው። «ለእርስዎ ብዬ ነው ትንሿን የመረጥኳት፤ እንዳይሰናከሉ።»

እሜቴ ባንቺ ጠርዟን በጣታቸው ዞሩት። «ተባረኪ» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ስለት አላት፤ ተጠንቀቁ» አሉ።

ምትኩ ቅዳሜን ሙሉ ዕቃውን ሲያስገባ ዋለ። ዕቃው ገባ፤ ሽቦው ግን አልገባ አለ። ወዲህ ሲያጥፈው ወዲያ ይወጣል። በመጨረሻ የጎኗን ክዳን ደፍቶ በጉልበቱ ተጫናት። ብረቱ ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ አሰማ። ብሎኑን እየታገለ አጠበቀና ላቡን ጠረገ። «ገባች» አለ።

ሲያበራት ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። የሞኒተሩ ብርሃን ግድግዳውን ሰማያዊ አደረገው፤ ሰው አጨበጨበ። እሜቴ ባንቺ ግን ከመደቡ ተነሥተው ከኮምፒውተሩ በሚወጣው ጉምጉምታ እየተመሩ መጡና መዳፋቸውን ሣጥኗ ላይ ጣል አደረጉ። በጋዝጊብላ ሳሉ ንብ አናቢ ነበሩ።

«ቀፎ ነው እንዴ?» አሉ። «ንብ ሊኮበልል ሲል እንዲህ ነው ድምፁ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን አንሥተው በሌላው እጃቸው አሹት። «ይቆነጥጣል» አሉ በቀስታ። ከአጠገባቸው ከነበረችው ከሰርካለም በቀር የሰማቸው አልነበረም።

በሳምንቱ ሰርካለም ራሷ አየችው። አቧራ ልትወለውል እርጥብ ጨርቅ ይዛ ሣጥኗን ስትነካት ክንዷ እስከ ብብቷ ነዘራት። ጨርቁን ጥላ ወደ ኋላ ሸሸች። ምትኩ ከትምህርት ቤት እንደገባ ነገረችው።

የኤሌክትሪክ መፈተሻ ካቻቢቴውን አምጥቶ ጫፉን ብረቱ ላይ አስደገፈ። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቀይ ሆና በራች።

«አየህ?» አለች።

«ይሄ የመሬት ሽቦ ስለሌለን ነው። የትምህርት ቤቱም ኮምፒውተር እንዲሁ ይነዝራል፤ ማንን ገደለ?»

«ክፈተውና እየው።»

«ስዘጋት እንዴት እንደታገልኩ አይተሻል። አንዴ ከከፈትኳት መልሳ አትገጥምም። ፈተና አውጥቼ ልጨርስ፣ ከዚያ እከፍታታለሁ።»

ውሸት አልነገራትም፤ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ሰርካለም የፊዚክስ መምህርን በኤሌክትሪክ ነገር መከራከር አፍራ ተወችው። ገበያ ወጥታ አደምን ስታገኘው ጠየቀችው። አደም ፊቱ ተለወጠ። የአጎቱ ልጅ ወፍጮ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ነው የሞተው፤ ሊያስጥለው የያዘውም ሰው አብሮት ቀርቷል።

«ሰው ከያዘ እንዳትነኪው» አላት። «በደረቅ እንጨት ምቺ፣ ወይ ሽቦውን ንቀይ። እጅሽን ግን እንዳትሰጪ፤ አደራ!»

ሰኔ ገባ። ብርዱ ጠና። እሜቴ ባንቺ ሣጥኗ ጀርባዋ እንደሚሞቅ ደረሱበት። ምትኩ ሲሠራ ከጎኑ ቁጭ ብለው እጃቸውን ወደ ሙቀቱ ይዘረጋሉ። ሰርካለም በጣሙን ፈራች። ብረቱን በባዶ እጃቸው እንዳይነኩ አሮጌ ነጠላ አራት አጥፋ ሣጥኗን አለበሰቻት።

«ይቆነጥጣል ያሉኝን አይርሱ፣ እሜቴ። ጨርቁን እንጂ ብረቱን አይንኩ።»

«እሺ ልጄ። አሁንማ ለምዶኛል።»

ለምዶኛል ያሉት ቃል ሰርካለምን ሌሊት ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ጨርቁ ለጊዜው ነገሩን ያበረደ መሰለ። ነገር ግን ሣጥኗ በፊት የምትተነፍሰው ጥቂት አየር እንኳ ታፈነ። ድምፅዋ ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ ሄደ፤ ቤቱም የጋለ ላስቲክ ላስቲክ ይሸት ጀመር። ምትኩ መስኮቱን ከፈተ።

ፈተናው አለቀ፤ ምትኩ ሣጥኗን አልከፈተም። «ውጤት ላስገባ» አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሥራው እንዳይቋረጥበት ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቶ ወጣ። ዝናቡ ወዲያው ወረደ። የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚዘንብ ይመስላል። ከግድግዳው ሥር ውኃ እየሰረገ ወለሉ ጨቀየ። ሰርካለም ባልዲና ጀሪካን ይዛ ወጣች፤ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ትጠልፋለች።

እሜቴ ባንቺ ዝናብ ሲጥል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዳዊት ይደግማሉ፤ የቃል ነው። ሰርካለም ባልዲውን ስታቀያይር በዝናቡ መሀል ድምፃቸው ይሰማት ነበር። ሁለተኛውን ባልዲ ስታነሣ ድምፁ ቀረ። መጀመሪያ አላስተዋለችም። ከዚያ ቆማ አዳመጠች። ዝናብ ብቻ ነው።

«እሜቴ?»

ባልዲውን ጥላ ገባች።

እሜቴ ባንቺ ቆመዋል። ሁለት ባዶ እግራቸው ጭቃው ላይ ነው። ነጠላው ከሣጥኗ ላይ ተንሸራቶ ወድቋል፤ ቀኝ እጃቸው ጠርዟን እንደ ጥፍራም አሞራ ጨብጧል። አፋቸው ተከፍቷል፤ ድምፅ አይወጣውም። መላ ሰውነታቸው ዓይን በማይከተለው ንዝረት ይርገፈገፋል። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

ሰርካለም ሁለት እጇን ዘርግታ ተንደረደረች። ሊነኳቸው ትንሽ ሲቀር የአደም ቃል ትዝ አላት። እጇ ከነውኃው ነው። ለመጮህ እንኳ ትንፋሽ አጥሯት ዞር ስትል ሙቀጫው ውስጥ የቆመው ዘነዘና ታያት። እጇን በበሩ መጋረጃ ጠቅልላ አነሣችውና ባላት ኃይል ሁሉ ሣጥኗን መታቻት። ሣጥኗ ከዱካው ተወርውራ ከግድግዳ ጋር ተላተመች፤ ሽቦው ከሶኬቱ ተነቀለ። ድምፁ ጸጥ አለ። አሮጊቷ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቁ።

«የሰው ያለህ!» የሚለው ጩኸት ያኔ ነው የወጣላት።

ጎረቤቷ እታገኝ ከነልጆቿ ደረሰች። በዝናቡ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሷቸው። እሜቴ ባንቺ አልሞቱም። የሦስት ጣታቸው ሥጋ እስከ አጥንቱ ተቃጥሏል፤ ልባቸው ግን ቀስ በቀስ ወደ ምቱ ተመለሰ። በማግስቱ ነቁ፤ ተናገሩም። የተናገሩት በኽምጣንኛ ነው።

ሰርካለም ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደሩ እሜቴ፣ ሰርካለም ነኝ» አለች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩና ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው ዝም አሉ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም፣ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ሊጠፋ በልጅነታቸው አፍ የፈቱበት ሊቀር እንደሚችል ነገራቸው። ይመለስ እንደሆነ ግን አላወቀም። አማርኛው በሳምንቱም፣ ከሳምንት በኋላም አልተመለሰም።

ምትኩ ሣጥኗን ከፈተ። ክዳኑ ሲገጠም ጠርዙ የዋናውን ሽቦ ልባስ ነክሶት ነበር፤ ሙቀቱ ቀሪውን አቅልጦ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ያን ዕለት ምግብ አልቀመሰም። እናቱን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲመጣ በር ላይ ቆሞ የታሰረውን እጅ ላለማየት መሬት መሬት ያያል።

አንድ ቀን ሰርካለም ልብስ ልትቀይር ቤት ስትመጣ ምትኩን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ሽቦውን በጥቁር ቴፕ እየጠቀለለ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቴፕ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። አሁን ደህና ናት» አለ። «ውስጧ የሁሉም ክፍል ውጤት አለ።»

«ምትኩ። የእናትህን እጅ አይተኸዋል?»

ቴፑን አንድ ዙር ጨመረ። ሰርካለም ክፋት እንዳልሆነ ገባት፤ ሽቦውን የሚያየው የእናቱን እጅ ማየት ስላቃተው ነው። ቢሆንም ዳግመኛ ሊያበራት መሆኑን ስታይ በዚያ ጣሪያ ሥር የማደር አቅም አጣች።

«ከሆስፒታል ሲወጡ ጋዝጊብላ እወስዳቸዋለሁ» አለች። «ቋንቋቸውን ከሚሰማ ሰው መሀል ይሁኑ።»

«አንቺስ?»

«አብሬያቸው እሆናለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ።»

ሐምሌ ሲጋመስ በአይሱዙ ጋቢና ሄዱ። ጉም ተራራውን በልቶታል፤ መኪናው መንገዱን እየዳሰሰ ይወጣል። እሜቴ ባንቺ መሀል ተቀምጠው፣ የታሰረውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከከተማው እንደወጡ መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ያላሰለሰ ነው። ሰርካለም እንደ ልማዷ፣ «እሺ እሜቴ፣ እሺ» ትላለች። አንድም ቃል አልገባትም። ጥቂት ቆይቶ ግን የራሷን ስም ሰማች። ሰርካለም አሉ፤ ደግመውም ሰርካለም አሉ። ይመርቋት ይሁን ይርገሟት፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም።

ሹፌሩ የአገሩ ልጅ ነው፤ ኽምጣንኛ ይሰማል። አንገቱን አዙሮ አንድ ጊዜ አያትና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

«ምን እያሉ ነው ወንድሜ?»

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ በእጁ መዳፍ ከውስጥ ጠረገው።

«ሰው ሲታመም ብዙ ይናገራል፣ እህቴ» አለ። «አይጠይቁኝ።»