አጠገብ መቀመጥ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የፖሊስ ጣቢያው ኤግዚቢት ክፍል ብቸኛ ወንበር ዛሬ ጠዋት በሥራ ገበታው ላይ እንዳለ አንድ እግሩን አጥቷል። ወንበሩ ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለ፣ የስንቱን ኢንስፔክተር ክብደት ያለ አንዳች ማጉረምረም የተሸከመ ሲሆን፣ ሳጅኑ ሻይ ሊጠጣበት ሲቀመጥ ግን ትዕግሥቱ አልቋል። ከሳጅኑ ክብርና ከግማሽ ብርጭቆ ሻይ በቀር የደረሰ ጉዳት የለም።

ሳጅኑ ይህን መግለጫ በልቡ እያረቀቀ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ከመደርደሪያው ሥር የወንበሩን ብሎን ሲፈልግ ስልኩ ጮኸ።

"ማሙሽ!"

ጣቢያው ውስጥ ሳጅን ነው። ማሙሽ የሚሉት ቤተሰቦቹ ብቻ ናቸው፤ ጢሙ መሸበት መጀመሩን ታላቅ ወንድሙ እስካሁን እንደ ማስረጃ አልተቀበለውም።

"አቤት ጋሼ።"

"አልተቀበሉኝም።"

ሳጅኑ ደንግጦ ቀና ሲል ማጅራቱ ከመደርደሪያው ጋር ተላተመ። "ምን ብለው?"

"'በቤተሰብ ታሪክ ምክንያት' ብለው። ታሪካችን እንዲህ የታወቀ መሆኑን መቼ አወቅሁ! ማነው የአጎታችንን ነገር የነገራቸው?"

ሳጅኑ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ስልክ ላይ ግን ወዲያው ይነቅዛል።

"ምን ተባብለን ነበር? 'በቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?' ካሉህ 'የለም' በል አላልኩህም? አንዲት ቃል! አፉን ያልፈታ ሕፃን በራሱ የሚነቀንቃት ቃል!"

"ጋሼ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ እኮ።"

"ታዲያ ሐኪም ሲጠይቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ኖሯል?"

ጋሼ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር፤ ከተማው ውስጥ የማያውቀው አቋራጭ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ጭኖ ሲከንፍ የሚተማመንበት አቋራጭ በዚያው ቀን ተቆፍሮ አገኘው። ተመልሶ ሲዞር ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ማንም አልወቀሰውም። የልጁ አባት እንዲያውም እጁን ጨብጦ አመሰገነው፤ ቢሰድበው ይሻል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም። አሁን ጋራዥ ውስጥ አምቡላንሶቹን ያጥባል። ሲሬን በሰማ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፤ ተነሥቶም የት እንደሚሄድ አያውቅም። ስለዚያ ቀን የጠየቀው ሰው ሁሉ ያገኘው መልስ "ሆድ ይፍጀው" ነው። ክኒን ሞከረ፣ አልያዘለትም። ከምክር ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀመረና ተወው።

በቅርቡ ደግሞ ትልቁ ሆስፒታል ከአንድ ዓይነት እንጉዳይ የሚገኝ መድኃኒት እንዲህ ላለ ሕመም መሞከሩን ሰማ። ሳይኬዴሊክ ከሚሏቸው፣ የሰውን ሐሳብና ስሜት ለሰዓታት ከሚያተራምሱት ነው። እንጉዳዩን ይዞ የተገኘ ሰው ይታሰራል፤ ሆስፒታሉ ግን ለጥናት ልዩ ፈቃድ አለው። ጋሼ ወሬውን የሰማ ዕለት ፊቱ ላይ አንድ ነገር ታየ። ሚስቱ "ተስፋ ነው መሰለኝ" አለች፤ ካየችው ስለሰነበተች እርግጠኛ አልነበረችም።

ለጥናቱ ሲመዘገብ ሆስፒታሉ የቅርብ ዘመድ ጠርቶ ጠየቀ። ሳጅኑም በሙያ ልማድ፣ ቃለ መሐላ እንደፈጸመ ሰው፣ ሁሉንም ዘረገፈ። የእናታቸው ታናሽ ወንድም ከሬዲዮ ጋር ይከራከር ነበር። መከራከሩስ ባልከፋ፤ ሬዲዮው ጠፍቶም ይከራከራል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ሳቀ። በመጨረሻ ሬዲዮው አሸነፈና አጎት አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ማሙሽ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። በር ላይ ቆሞ የጠበቀው እሱ ነው።

"በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ" አለ ጋሼ በስልኩ። "አንተው ክፈተው።"

"እንዴት አድርጌ?"

"አሁን እኮ ካርቶን ሙሉ እንጉዳይ አጠገብ ሆነህ ነው የምታወራኝ። ራስህ አይደለህ እየሳቅህ የነገርከን? ስማኝ ማሙሽ፣ ዛሬ ቤት ነኝ። ና። ባዶ እጅህን እንዳትመጣ።" ስልኩ ተዘጋ።

እውነቱን ነው። ካርቶኑ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ላይ ነበር። ሁለት ተማሪዎች አልጋ ሥር በፕላስቲክ ሣጥን ሲያበቅሉ የተያዘ ነው፤ ፖሊስ ክዳኑን ሊከፍት ሲል አንደኛው "እባካችሁ፣ ይበርዳቸዋል" ብሎ ለመነ ይባላል። አሁን ደርቆ በትናንሽ የታሸጉ ከረጢቶች ተቀምጧል፤ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ሳጅኑ አንዷን ከረጢት አነሣ። ለማየት ነው አለ በልቡ። ከዚያ ከረጢቷ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሆነች። እጅ አንዳንዴ ከባለቤቱ ማዕረግ ይበልጣል።

"መሬት ላይ ምን ትሠራለህ?" ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሟል።

"ብሎን እየፈለግሁ ነው ጌታዬ።" ኪሱን በክንዱ ሸፈነ። "ወንበሩ ተሰበረ። አዲስ ቢጠየቅልን…"

"ያኛው ሲሰበር ጠይቀን ነበር። ይኼኛው የዚያ መልስ ነው።" ኢንስፔክተሩ የወንበሩን እግር በጫማው ገፋ አደረገው። "የተሰረቁትን ጎማዎች ፍርድ ቤት ከሰዓት ይፈልጋቸዋል። እንዳትጠፋብኝ።"

ኢንስፔክተሩ እንደሄደ ሳጅኑ ጠፋ።

ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሟ የጥናቱን ክፍል መስኮት እየከፈተች ነበር።

"ዶክተር፣ የሰጠሁትን ቃል ላሻሽል ነው የመጣሁት።"

"የትኛውን?"

"የአጎቴን። ጤነኛ ነበር።"

"ከሬዲዮው ጋር የሚከራከረው?"

"ብዙ ሰው ከሬዲዮ ጋር ይከራከራል።"

"ጠፍቶ?"

ሳጅኑ አሰበ። "አቋም ያለው ሰው ነበር።"

ሐኪሟ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ተወችው። "እየው ሳጅን፣ መድኃኒቱ ደስ የሚል ነገር እያሳየን ነው። ከመኝታ ቤቷ መውጣት ያቃታት ሴት ነበረች። ዛሬ ከጎረቤቶቿ ጋር በአጥር ትጣላለች። እንዴት እንደተደሰትን! ሁሉም ግን እንደሷ አይደለም። የባሰበት አለ፣ ምንም ያልተሰማውም አለ፤ ገና እየተማርን ነው።"

"እሱም እንደ ሴትየዋ ቢሆንስ?"

"ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቤት እንደሚያጸዳ ኃይለኛ ሰው ነው። ምንጣፉን ይገልጣል፣ ቁም ሣጥኑን ይጎትታል። ብዙ ቤት ይጠራል። አንዳንዱ ቤት ግን ግድግዳው የቆመው ቁም ሣጥኑን ተደግፎ ነው። የአጎታችሁ ዓይነት ሕመም በዘር ካለ፣ የወንድምህ ግድግዳ ምን ላይ እንደተደገፈ አላውቅም። ምናልባት ምንም አይሆንም። በምናልባት ግን አልሰጥም።"

"ከሌላ ቦታ ቢያገኝስ?" እጁ ሳያስበው ኪሱን ዳሰሰ።

ሐኪሟ እጁን አየች፣ ኪሱን አየች፣ ከዚያ ዓይን ዓይኑን አየችው። "እዚህ ልኩ ይታወቃል፣ ልቡ ይለካል፣ ቢደነግጥ የሚይዘው ሰው አለ። ውጭ የሚገኘው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞስ፣ ከዚህ በር ወዲያ ያለው ሕግ የአንተ ሥራ አይደለም እንዴ?"

ሳጅኑ ዓይኑን አሸሸ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ደብዛዛ መብራት አለ። ከአልጋው አጠገብ ደግሞ ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ ምቹ፣ አራት እግሩ የተሟላ ወንበር።

"ይሄ የማን ነው?" አለ፤ በቅናት።

"ከታካሚው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው።"

"ምን ይሠራል?"

"ይቀመጣል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። አይመክርም፣ አይጠይቅም፣ ስልክ አይነካም። ታካሚው ቢያለቅስ እሱ አለ፤ ቢስቅም አለ። መድኃኒቱ እስኪለቀው፣ ቀኑን ሙሉ።"

"ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል?"

"ከባድ ሥራ ነው ሳጅን። ሞክረው ያቃታቸው አሉ።"

ሳጅኑ ወንበሩን ዞረው። "ያለ መድኃኒቱ መቀመጡ ብቻ ያድናል?"

"አላውቅም። ያንን አጥኑ ብሎ ገንዘብ የሚሰጠን የለም፤ የሚሸጥ ነገር የለውማ።" መስኮቱን መለሰችው። "ወደ ምክር ሕክምናው ቢመለስ ግን እኔው ራሴ እቀበለዋለሁ በለው። ቀርፋፋ መንገድ ነው። አቋራጭ የለውም።"

ሳጅኑ ይህችን የመጨረሻ ቃል ለጋሼ ላለመንገር ወሰነ።

ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ከረጢቷን እንደ ነበረች ካርቶኑ ውስጥ አኖረ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ለተረኛው ሰጠው። ከዚያ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

በሩን የከፈተችለት የወንድሙ ሚስት ናት፤ አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። መጋረጃ ሰፊ ነች። "ማሙሽዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ መስኮት መስኮቱን ነው የሚያየው" አለች በሹክሹክታና ወደ ጓዳ፣ ወደ ስፌቷ ገባች። የስፌት መኪናው መንኳኳት ጀመረ።

ጋሼ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። "አመጣኸው?"

"ኪሴ ከትቼው ነበር። መለስኩት።"

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

"ማንም ሳያይህ መለስክ?" ጋሼ ጭንቅላቱን ያዘ። "አንተ እኮ ሌባ እንኳ መሆን አትችልም።"

"አልችልም።"

"ውጣ ከቤቴ።"

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

"ውጣ ነው ያልኩህ፣ ግባ አልኩህ?"

ጫማውን ግድግዳው ሥር አኖረ። ስልኩን አጠፋ። ከሶፋው አጠገብ ያለውን ወንበር ሳበ፣ አራቱን እግሮች አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና ተቀመጠ።

"ምንድን ነው እሱ? ልትመክረኝ ነው?"

"አይ።"

"ልትጠብቀኝ ነው? እስረኛ ነኝ?"

"አይደለህም።"

"ከመንገድ እገዛለሁ። ያዝናቸው የምትሏቸው ሻጮች ሁሉ አላለቁም።"

"ግዛ።"

"ትይዘኛለህ?"

"እይዝሃለሁ።"

"ወንድምህን?"

"እይዝህና እስር ቤት ገብቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ።"

ጋሼ ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ በራሱ ተናደደና ብድግ አለ። ጃኬቱን ከማንጠልጠያው አወረደ። የስፌት መኪናው ቆመ። ጓዳ ውስጥ ያለች ሴት ትንፋሿን እንደያዘች ሳይታዩም ያስታውቃል።

ሳጅኑ 'አይጠይቅም' የሚለውን ሕግ አፈረሰ። "ጋሼ" አለ፣ "አንተንም በር ላይ ቆሜ ልጠብቅህ?"

ጋሼ አንድ እጁን ጃኬቱ ውስጥ እንዳስገባ ቆመ። ከዚያ ጃኬቱን ሳያወልቅም ሳይለብስም፣ አንድ እጅጌ እንደተንጠለጠለ፣ ሶፋው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀመረ።

ሐኪሟ እውነቷን ነው፤ ከባድ ሥራ ነው። መጀመሪያ የሳጅኑ አፍንጫ አሳከከው። ከዚያ ግራ እግሩ ደነዘዘ። ግድግዳው ላይ ያለው የዘመን መቁጠሪያ ያለፈው ዓመት መሆኑን አየና ለመናገር አፉን ከፍቶ ዘጋው። ጋሼ አንዴ "ጅል" አለው፤ መልስ አልሰጠም። አንዴ "ውሃ ትፈልጋለህ?" አለው፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጸሐዩ ከሶፋው ክንድ ወደ ምንጣፉ ወረደ።

ከዋናው መንገድ ሲሬን ተሰማ።

ጋሼ ብድግ አለ። ሳጅኑም ደንዝዞ በነበረው እግሩ እያነከሰ አብሮት ተነሣ። መነሣት ይፈቀድ አይፈቀድ ሐኪሟን አልጠየቃትም። ሁለት ወንድማማቾች ሳሎን መሐል፣ አንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዱ ባንድ እጅጌ፣ የት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ቆሙ። ሲሬኑ ቀረበ፣ አለፈ፣ ራቀ።

"የጫማው ክር ተፈትቶ ነበር" አለ ጋሼ።

ሳጅኑ የማን ብሎ አልጠየቀም። የስፌት መኪናው ዝም ብሏል።

"ስንጭነው አየሁት። ጊዜ የለም አልኩ። ስንደርስ አስርለታለሁ አልኩ በልቤ።" እጆቹን አየ። "በመስታወቱ ሲወዛወዝ ይታየኛል፤ ክሩ። መንገዱ ተቆፍሮ ሳገኘው መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ታምናለህ? ስለ ልጁ አይደለም። ክሩን ነው።"

ተቀመጠ። ሳጅኑም ተቀመጠ። ጋሼ አለቀሰ፤ ሳጅኑ ነበረ። ጋሼ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቆፋሪዎቹ፣ ስለ አባትየው እጅ ሙቀት ተናገረ፤ ሳጅኑ ነበረ። አንዳንዱን ሁለቴ ተናገረው፤ ሁለቴም ነበረ። መዳኑን የሚያውቅ የለም። ጋሼ ራሱ መሐል ላይ "ይሄ ምንም አይለውጥም" ብሎ ቀጠለ።

የወንድሙ ሚስት በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። የራሷን ስልክ ይዛለች። "አለቃህ ነው" አለች በከንፈሯ። "ያንተ እምቢ ሲለው ነው መሰለኝ።"

ሳጅኑ ስልኩን ተቀበለ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣም።

"ጎማዎቹስ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ቁልፉ ተረኛው ጋ ነው ጌታዬ። ጎማዎቹ በሩ ሥር ናቸው።"

"አንተ የት ነህ?"

"ወንድሜ ቤት።"

"ምን ትሠራለህ?"

"ቁጭ ብያለሁ።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

ሳጅኑ ጋሼን አየው። ጋሼ ምንጣፉን እያየ፣ ግን ጆሮው ቆሞ ይጠብቃል። "ዛሬ አልመጣም።"

"ስማ" አለ ኢንስፔክተሩ ድምፁን አለዝቦ፣ "በወንበሩ የተነሣ ከሆነ፣ የእኔን ውሰድ።"

"በወንበሩ አይደለም ጌታዬ።"

"ታዲያ በምንድን ነው?"

"የቤተሰብ ታሪክ ነው ጌታዬ። አልናገርም።"