ለሙሴው የተለቀሰ ለቅሶ

ሙሴ ሬሚ ከካናዳ፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ክፍል፣ የፊልም ካሜራውን ተሸክሞ ነቀምቴ ሲገባ ስሙን ማንም የማያውቀው ጎረምሳ ነበር። ገበያውን አነሳ፣ ሠርግ አነሳ፤ ለቅሶ ግን ማን ያስነሳው? ሐዘንተኛው ሁሉ ሲያባርረው፣ ቀልደኛው የማር ነጋዴ ሞረዳ "ግድ የለም፣ እኔ እሞትለታለሁ" ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ሎሚም ታልቅስ ተባለ።

ሽማግሌዎቹ "ተዉ፣ ሞትን አትጥሩት" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሞረዳ ነጠላ ለብሶ ቃሬዛ ላይ ተጋደመ። ሎሚ መጀመሪያ ሳቋ አስቸገራት፤ በኋላ የሞተች እናቷን አሰበችና ደረቷን እየደቃች አነባች። ያየ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ሙሴውም ያን ሁሉ አንስቶ፣ እጇን ስሞ ወደ አገሩ ሄደ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞረዳ ከዴዴሳ ቆላ ንዳድ ይዞት ተመለሰና የእውነት ሞተ። ሎሚ መቃብሩ ዳር ቆማ አፏን ልትከፍት ስትል፣ የሚወጣው ያው የውሸት ለቅሶ መሰላትና ዋጠችው። እንባዋ ጠብ ሳይል አፈሩ ተመለሰ። "ለፈረንጅ አልቅሳ ለባሏ ነፈገች" ብሎ ከተማው አማት፤ የሰው አፍ መቼ ይራራል! እሷን የጎዳት ግን ሐሜቱ አልነበረም። ሞቱን የጠራሁት እኔ ነኝ ብላ አምናለች። ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ፣ ጎመን ስትቀነጥስ፣ የገዛ ራሷ ለቅሶ ከኋላዋ ይሰማታል። ዞር ስትል ማንም የለም።

ያ ፊልም ሙሴውን አስሸለመው። ከዚያ ወዲያ የሠራው ሁሉ ተጨበጨበለት፤ የአገሩ ጋዜጦች "ታላቁ" ይሉት ጀመር። እሱም በየመድረኩ "መንገዴን የከፈተችልኝ የወለጋዋ አልቃሽ ናት" ይል ነበር። ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግበት ፊልሙን ሊያሳያት ተመልሶ መጣ። ስለ ሞረዳ ሞት የነገረው የለም፤ አስተርጓሚው፣ የፈረንሳይኛ አስተማሪው ተካ እንኳ አፉ እምቢ አለው።

"አዴ ሎሚ፣ ባይመጡ ይሻላል" አላት ተካ።

"አይ ልጄ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ልየው።"

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ተጋርዶ ፊልሙ ግድግዳው ላይ በራ። ሞረዳ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ወጣቷ ሎሚ ታለቅሳለች። ያኔ ነው ሎሚ ባሏ ደረት ላይ ነጠላው ከፍ፣ ዝቅ ሲል ያየችው። በየአገሩ ያጨበጨበ ሰው ሁሉ ያላስተዋለውን ትንፋሽ እሷ አየች።

ብድግ አለች። ግድግዳው ላይ ወደምታለቅሰው ሴት ጣቷን ቀስራ፣ "ዝም በይ!" ብላ ጮኸች። "ዝም በይ አንቺ! እየተነፈሰ እኮ ነው!"

ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ያን ሁሉ ዘመን ታፍኖ የኖረው ለቅሶ ፈነዳ፤ የፊልሙን ድምፅ ዋጠው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቧትና "ዋይ ሞረዳ! ዋይ ሞረዳ!" እያሉ አብረዋት ተቀመጡ። ሙሴው ግራ ገብቶት ማሽኑን አቆመና ወደ ተካ ዞረ።

"ማን ሞተ?" ብሎ ጠየቀው።