ወተቷን መልስ

ፈረንጆቹን አልረግምም። እነሱ በር ላይ ስለሚሰቀል ቅጠል ምን ያውቃሉ? እኔን ሦስት ቀን ሙሉ ያንገበገበኝ፣ ዛሬም ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ላው ነው። ላው የእኛው ልጅ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር፣ ከእኛው ከሰሜን ቬትናም ተራራ ሕዝብ፣ ከሞንግ እናት ተወልዶ፣ እንደ እኛው በበቆሎ ያደገ። ቅጠሉን ያውቀዋል። እያወቀ ነው በገዛ እጁ ገለል ያደረገው።

የልጄ የዲን ሚስት ዢያ ከወለደች ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ለምለሙን ቅርንጫፍ በሩ ላይ የሰቀለው ዲን ራሱ ነው፤ መጠውለግ ሲጀምር በሦስት በአራት ቀኑ ይቀይረው ነበር። ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ባዕድ አይገባም። የገባ ሰው የአራሷን ወተት በእግሩ ይዞት ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ ተራራ የለም፤ ፍየሎቹም ሳያውቁ አይቀሩም፣ በዚያ በር በኩል ድርሽ አይሉም።

ያን አርብ ጠዋት እኔ ከቤቱ በታች በድንጋዮቹ መሃል በቆሎ እየኮተኮትኩ ነበር። ዲን እንጨት ሊያመጣ ወጥቷል። ከላይ ሳቅ ሰማሁ። አራስ ቤት ምን የሚያስቅ ነገር አለ ብዬ መኮትኮቻዬን ጥዬ ወጣሁ። ስደርስ ቅርንጫፉ በቦታው የለም፤ ጎን ባለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ላው ቆሟል፣ የአስጎብኚ ድርጅቱን አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ። አንድ ረጅም ፈረንጅ ካሜራ ዓይኑ ላይ ደቅኗል፤ ቀይ ባርኔጣ ያደረገች ሚስቱ ደግሞ ጎንበስ ብላ ታያለች። ዢያ እሳቱ ዳር ሆና ልጇን እያጠባች ነበር። ጡቷን በምን እንደምትሸፍን ጨንቋት አንዴ በልጁ ራስ፣ አንዴ በክንዷ ትጋርደዋለች። የጫማቸው ጭቃ ምድጃው ድረስ ዱካ ሠርቷል።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«አክስቴ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። እንግዶች ናቸው፣ ባህል ይወዳሉ።»

«ቅጠሉን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አለና ሳቅ አለ። «ምን ችግር አለው? ተመልከቻቸው እስቲ፣ እንዴት ደስ እንዳላቸው።»

ደስ ብሏቸዋል ይለኛል። አንድ ጥቅል ብስኩት ምድጃው ዳር አስቀምጠው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ ቁልቁል ወረዱ። ብስኩቱን ለአሳማው ጣልኩለት።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ጡቱን ይይዛል፣ ይስባል፣ ይስባል፣ ከዚያ ይለቅና ያለቅሳል። ዢያ በጣቷ ብትጨምቀው ጠብ የሚል ነገር የለም። ጠዋት ወተቷ ሸሚዟን ያረሰባት ልጅ፣ ከሰዓት ደረቷ እንደ ባዶ ስልቻ ሆነ። ዲን ዶሮ በቅጠላ ቅጠል ቀቅሎ አበላት። ምንም የለም። በማግስቱ ጠዋትም ምንም የለም። እሷም ቃል አትተነፍስም፤ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች።

የጤና ሠራተኛዋ ቅዳሜ መጣች። የቆላ ሰው ናት፤ ቢሆንም ቅጠሉን ስታይ ደጅ ቆማ ነው የተጣራችው። ዢያ ደፉ ላይ ወጥታ ታየችላት። «ደንግጣ ነው» አለችኝ። «ትረፍ፣ ውሃ ትጠጣ፣ ልጁን ቶሎ ቶሎ አስጠቡት።» እስከዚያው ብላ የዱቄት ወተት ሰጠችን። ዲን በማንኪያ ሲያጠጣው ልጁ ግማሹን ያስመልሰዋል። ደንግጣ ነው አለች። እኔስ ሌላ ምን አልኩ? ያስደነገጣት ማን ነው?

ወተት የወሰደ ሰው ሩዝ በእጁ ቀቅሎ፣ በእጁ ለአራሷ አቅርቦ፣ የወሰድኩትን መልሻለሁ ማለት አለበት። ሌላ መላ የለውም። ዲን ገጀራውን አንስቶ ተነሳ።

«አንተ አትሄድም» አልኩት። «አንተ ከሄድክ ታስረህ ነው የምትቀረው። ሚስትህን ቀልብ። እኔ እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ አንድ ቀን ቀድመውሻል።»

«በየድንጋዩ ላይ እየቆሙ ፎቶ ይነሳሉ። እደርስባቸዋለሁ።»

የበቆሎ ቂጣ ቅርጫቴ ውስጥ ጥዬ፣ ቅርጫቴን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። ፈረንጆቹ ለዚህ መንገድ ይከፍላሉ። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ይንቋቋል፤ ማንም ከፍሎኝ አያውቅም። በየመታጠፊያው የዚያ ሕፃን ለቅሶ ይሰማኝ ነበር። ቀጥኗል። መጀመሪያ ሲወለድ መንደሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ ድምፅ ነበረው።

አመሻሹ ላይ ከሁለተኛው ተራራ ጀርባ ያለው መንደር ደረስኩ። አንዲት ባልቴት ደጇ ላይ ቃጫ ስትፈትል አገኘኋት። አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ልጅ አይተሽ እንደሆን ብዬ ስጠይቃት ቃጫውን ጣለችው።

«እሱን ነው የምትፈልጊው? ይዘሽው ሂጂልኝ» አለችኝ። «ትናንት እዚህ አደሩ። ጠዋት ደግሞ የለቅሶውን ከበሮ ከተሰቀለበት አውርዶ ለረጅሙ ፈረንጅ ሰጠልሽ። ሰውየው ዱም ዱም ያደርገዋል። መንደሩ በሙሉ ማን ሞተ እያለ ከእርሻው እየሮጠ መጣ። አማቼ የሞትኩት እኔ መስዬው እያለቀሰ ነው የደረሰ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፎቶ አነሱና። አማቼን፣ ከነእንባው።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልጣፈጠንም። እሷ ቤት አደርኩ። ነገ እሁድ ስለሆነ ገበያ ሳያሳያቸው አይመልሳቸውም አለችኝ። ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ።

የእሁድ ገበያ የምወደው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ከአንድ ቀይ ባርኔጣ በቀር የሚታየኝ አልነበረም። የጎሽ ተራን አለፍኩ፣ የዶሮ ተራን አለፍኩ፣ ከጠዋቱ የሰከሩ ወንዶች የተኙበትን የአረቄ ተራ ተራምጄ አለፍኩ። የሚያውቁኝ ሴቶች የዲን እናት፣ የዲን እናት እያሉ ይጠሩኛል፤ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ጥልፍ ተራው ጫፍ ላይ፣ የፈረስ ሥጋ ቅቅል የሚጨለፍበት ትልቅ ድስት ዘንድ አገኘኋቸው። ባልየው ድስቱን ፎቶ ያነሳል። ሴትዮዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ላው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቅቅል ይዞ ይበላል። የበላው እንዴት እንደወረደለት እንጃ።

«ላው» አልኩት። «ወተቷን መልስ።»

ቀና አለ። እንዳወቀኝ ፊቱ ነገረኝ። የመለሰልኝ ግን በቬትናምኛ ነው።

«እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?»

ባለፈው አርብ አክስቴ ነበርኩ። ዛሬ እንግዶቹ ፊት እርስዎ ሆንኩ፣ ያውም በሰው ቋንቋ።

«በእናትህ ቋንቋ አናግረኝ» አልኩት። «ልጁ ሁለት ቀን አልጠባም። ሩዝ ቀቅለህ መመለስ እንዳለብህ ታውቃለህ።»

ሴትዮዋ ምን እንደምል ጠየቀችው መሰለኝ። እሱም አንድ ነገር አላት። ወዲያው ቦርሳዋን ከፈተችና የዶንግ ኖት ዘረጋችልኝ፣ በሌላ እጇ ቅርጫቴን እያሳየች። ሸቀጥ ልሸጥላት የመጣሁ መስሏታል። ሁለት ተራራ አቋርጬ የመጣሁት ሴት በእሱ አፍ ቸርቻሪ ሆንኩ። ገንዘቡን አልነካሁትም፤ ጥልፍ ወደሚሸጡት ሴቶች ዞሬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እናንተ ሴቶች፣ ስሙኝ። ይሄ ልጅ ከአራስ ቤት በር ላይ ቅጠል አንስቶ ገብቷል። ሳያውቅ አይደለም። የምራቴን ወተት ይዞ እዚህ ቅቅል ይበላል። መልስ ስለው ቋንቋችንን አያውቅም።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ከበቡት። አንዷ «የማን ልጅ ነው?» አለች። ሌላዋ ስሙን ነገረቻት፤ የእናቱን ስም፣ የአባቱን ጎሳ፣ ቤታቸው ከወንዙ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ነገረቻት። ያኔ ነው ቋንቋችን ትዝ ያለው።

«አክስቴ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው። በዚህ ዘመን ማን ያምናል?»

«የድሮ ነገር ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ?»

ቅቅል የሚጨልፈው ሽማግሌ ከድስቱ ዘንድ መጣና ሳህኑን ከላው እጅ ወሰደበት። አልጮኸበትም። ገና ግማሽ የቀረውን ቅቅል መሬት ላይ ደፍቶ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

ፓንግ የምትባል ጥልፍ ሻጭ ልጃገረድ የፈረንጆቹን ቋንቋ ትችላለች። ነገሩን ከሥር ከሥሩ ለሴትዮዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ የምትለውን ፓንግ ተረጎመችልን፦ ቅጠሉ ምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር፤ መግባት ይቻላል ብሎ እሱ ነው ቀድሞ የገባው፤ በጣም አዝኛለሁ፤ እኔም ልምጣና ይቅርታ ልጠይቃት።

«አይሆንም በያት» አልኩ። «በሩ ዝግ ነው እያልኩ አይደል እንዴ የምጮኸው?»

ፓንግ ሳቋ አመለጣት። ሴትዮዋ ግን ገባት መሰለኝ፣ ራሷን ነቅንቃ ተቀመጠች። ቀድሞ የገባው ላው ከሆነ ወተቱም ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሴቶቹ መንገድ ከፈቱለት፤ የከፈቱት በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ወደ እኛ ተራራ በሚወስደው በኩል። ሩዙን ከገበያ ገዝቶ ተሸከመ።

ከፊቴ አስቀድሜ ነው የነዳሁት። አንድ ዳገት ወጣን። ከዚያ ሰበቡን መደርደር ጀመረ። ድርጅቱ ለእንግዶቹ በሚሰጠው ወረቀት ላይ እናትና ሕፃን በባህላዊ ቤት ይታያሉ ተብሎ ተጽፏል። አራስ ካላሳየ እንግዶቹ ቅር ይላቸዋል፣ ቅር ካላቸው ድርጅቱ ሌላ ሰው ይቀጥራል።

«እኔ ባላስገባቸው ሌላው ያስገባቸዋል፣ አክስቴ።»

«ሌላው ያስገባቸው። ሌላው አክስቴ እያለ አይጠራኝም።»

«አስቤው አይደለም።»

«እሱን አትበለኝ። ቅርንጫፉን ሚስማር ላይ ሰቅለህ ነው የገባኸው። እንዳይቆሽሽ ተጠንቅቀህለታል። ያላሰበ ሰው ይጥለዋል እንጂ አይሰቅለውም።»

የሩዙን ከረጢት ወደ ሌላ ትከሻው አዛወረና መንገዱን ቀጠለ። እኔም ለንዴቴ የቀረኝን ትንፋሽ ለዳገቱ አደረግሁት።

መሽቶብን መንገድ ላይ አድረን፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ ደረስን። ዲን ልጁን ታቅፎ ደጅ ቆሟል፤ ላውን ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። ዓይኔን አይቶ ተወው። ልጁ ማልቀስም ሰልችቶት አፉን ብቻ ይከፍታል። ላው እሱን ሲያይ ቆመ። ገበያ መሃል ስሰድበው እንኳ ያልቀላው ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላ።

ጫማውን አወለቀ። ደጅ ባለው ጉልቻ ላይ ሩዙን ቀቀለ፤ እሳቱ እምቢ ሲለው ማናችንም አላገዝነውም። በባዶ እግሩ ደፉን አልፎ ዢያ ፊት ተንበረከከ፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ዘረጋላት። በቋንቋችን፣ እየተንተባተበ፣ «የወሰድኩትን መልሻለሁ» አላት።

ዢያ ሳህኑን አልተቀበለችውም። ከአርብ ጀምሮ ቃል ያልወጣት ልጅ ቀና ብላ አየችው።

«ሴትዮዋ ቅጠሉን በጣቷ አሳየችህ» አለችው። «አይቼአለሁ። ምንድን ነው ብላ ጠየቀችህ። ምን አልካት?»

ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ።

«እየጠየቅሁህ ነው።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው አልኳት።»

ዲን ልጁን እንደታቀፈ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ያዝኩት።

«እኛ ዘበኛ የለንም» አለች ዢያ። ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከዚያ ጠና። «ቁልፍ የለንም። አጥር የለንም። አትግቡ የምንለው በዚያ ቅጠል ነው። ያ ብቻ ነው ያለን። አንተ ደግሞ እሱን ወስደህ ግቡ ማለት ነው አልክ። ከእንግዲህ አትግቡ ለማለት ምን እንስቀል? ንገረኛ። አንተ አዋቂው፣ የሁሉን ቋንቋ ትችላለህ። ምን እንስቀል?»

ላው ሳህኑን እንደዘረጋ አንገቱን ደፋ። የሸሚዟ ደረት ላይ አንዲት እርጥብ ነጥብ ያየሁት ያኔ ነው። ነጥቧ ሰፋች። በሌላው በኩልም ጀመረ። ሩዙን ገና አልቀመሰችም። ዢያ ራሷ አላስተዋለችውም፣ መልስ እየጠበቀች ነበር።

ልጁን ከዲን ክንድ ወስጄ ደረቷ ላይ አደረግሁት። ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማል። ላው ሳህኑን ይዞ እንደተንበረከከ ነው፤ ተነስ ያለው ሰው የለም።